ከባሕር ዳር እስከ እንጅባራ በቢስክሌት፤ ስለ ጉዞ ሸክምና ስለ ድካም

ከባሕር ዳር ተነሥቶ ወደ አዲስ አበባ የሚወስደውን ዋና ጐዳና የያዘ መንገደኛ፣ የጣናን ሙቀት ከኋላው ትቶ፣ በመራዊ በኩል አልፎ፣ በወተት ዓባይ የግልገል ዓባይን ድልድይ ተሻግሮ ወደ አዊ ምድር ይገባል። በመኪና የሚሄድ ሰው ይህን አገር የሚያውቀው በመስኮት ነው። ዳንግላን አንድ አፍታ፣ አዲስ ቅዳምን አንድ አፍታ፣ እንጅባራን አንድ አፍታ ያይና፣ መንገዱ ሁሉ ሜዳ መስሎት ያልፋል። በቢስክሌት የሚሄድ ሰው ግን አገሩን የሚያውቀው በእግሩና በትንፋሹ ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1800 ሜትር፣ ዳንግላ ከ2100 ሜትር በላይ፣ እንጅባራም ከ2500 ሜትር በላይ እንደ ሆኑ መጽሐፍ ሳይገልጥ ጕልበቱ ይነግረዋል።

ይህ ጽሑፍ ስለዚያ መንገድ ነው፤ ይልቁንም በዚያ መንገድ ላይ በግልጥ ስለሚታይ አንድ ነገር፣ ይኸውም ስለ ጉዞ ሸክምና ስለ ድካም ነው። ዓመቱን ሙሉ በጽሕፈት ቤት ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚውል ሰው፣ የዕረፍት ፈቃዱ ሲደርስ፣ በዐሥራ አንድ ወር ያላሠራውን ሰውነት በአምስት ቀን ሊያሠራው ይነሣል። አሳቡ መልካም ነው፤ ንጹሕ አየርና የሰውነት ጤና ይገኝበታልና። ነገር ግን ልክ ከሌለው፣ ዕረፍት የተባለው ወደ ሕመም፣ አንዳንድ ጊዜም ወደ አደጋ ይለወጣል። ስለዚህ አባቶችና እናቶች፣ ለጉዞ የሚነሡ ልጆቻቸውም፣ ሸክም በምን እንደሚመዘን፣ ድካምም በምን እንደሚታወቅ ቢረዱ እጅግ ይጠቅማቸዋል።

በ2011 ዓ.ም. በጥር ወር፣ ከጥምቀት በዓል በኋላ፣ ሦስት ሆነን ከባሕር ዳር ተነሣን። አንደኛው በትምህርት ቤት የሰውነት ማጎልመሻ የሚያስተምር ባልንጀራዬ፣ ሁለተኛው የእኅቱ ልጅ የሆነ የዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ተማሪ፣ ሦስተኛው እኔ ነበርሁ። አሳባችን ጥር 23 ቀን፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ዕለት፣ የአገው ፈረሰኞች በእንጅባራ የሚያከብሩትን በዓል ለማየት ነበር። ባሕር ዳር የቢስክሌት ከተማ ናትና፣ ለጉዞው የሚሆን ቢስክሌትና ጐማ የሚጠግን ሰው ለማግኘት አልተቸገርንም።

ሰኞ ጥር 20 ቀን ማለዳ ጉዞ ጀመርን። እስከ ዳንግላ ያለው መንገድ ወደ 80 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ርቀቱ ብዙ ቢሆንም ዳገቱ ለስላሳ ነው። መኸሩ ተሰብስቦ ያበቃበት ወራት ስለ ነበረ፣ በመንገዱ ግራና ቀኝ የገለባው ክምር ከሩቅ ይታይ ነበር። መምህሩ ገና ከመነሻችን፣ «ከባልንጀራችሁ ጋራ ሙሉ ዐረፍተ ነገር መነጋገር እስከቻላችሁ ድረስ ንዱ፤ ቃል መቈራረጥ ሲጀምር ቀንሱ» ብሎ አስጠንቅቆን ነበር። እኛ ሁለታችን ይህንኑ ጠብቀን ሄድን። ወጣቱ ግን ወደ ፊት እየሮጠ በየመንደሩ መግቢያ ይጠብቀን ነበር። የዕረፍቱን ጊዜ ሳንቈጥር ስድስት ሰዓት ነድተን ወደ ማታ ዳንግላ ገባን።

እራት ከመቅረቡ በፊት መምህሩ ደብተሩን አወጣና፣ «የዛሬው ጉዞ እንደምን ከበደህ? ከ0 እስከ 10 ባለው ቍጥር ንገረኝ» አለኝ። በዚህ አቈጣጠር 0 ፍጹም ዕረፍት ነው፤ 3 መጠነኛ፣ 5 ከባድ፣ 7 እጅግ ከባድ፣ 10 ደግሞ ሰው ሊችለው የሚችለው የመጨረሻው ነው። እኔ 4 አልሁ። እርሱም ስድስቱን ሰዓት ወደ ደቂቃ ለውጦ 360 በ4 አባዛና 1440 ብሎ ጻፈ። የቀኑ ሸክም ይህ ነው አለ። የሥራን ክብደት በቍጥር የመመዘንን ሥርዓት ያስተማሩት ጉናር ቦርግ የተባሉ የስዊድን ሊቅ ናቸው፤ ቍጥሩን ከደቂቃ ጋራ የማባዛቱን ዘዴ ደግሞ በ1990ዎቹ ዓመታት (እ.ኤ.አ.) ያስፋፉት አሜሪካዊው ካርል ፎስተር ናቸው። ዘዴው ሰዓትና እርሳስ ብቻ የሚፈልግ ስለ ሆነ ለማንኛውም ቤተሰብ ይስማማል። ጥያቄው ግን ከቢስክሌት እንደ ወረዱ ሳይሆን፣ ትንፋሽ ከተመለሰና ግማሽ ሰዓት ያህል ካለፈ በኋላ ቢጠየቅ ፍርዱ ይበልጥ እውነተኛ ይሆናል።

ይህ ቍጥር ብቻውን ምንም አይናገርም፤ የሚናገረው ከለመዱት ጋራ ሲተያይ ነው። በከተማ ሳለ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በየቀኑ 40 ደቂቃ፣ በመጠነኛ ኃይል የሚነዳ ሰው፣ የሳምንቱ ሸክም 360 ብቻ ነው። እንግዲህ ያ ሰው ከባሕር ዳር ዳንግላ ቢደርስ የአራት ሳምንት ሸክሙን በአንድ ቀን ተሸከመ ማለት ነው። ጕልበቱ ባይደክምበት ይደንቃል። ለጉዞ የሚዘጋጅ ሰው ከሁለት ወይም ከሦስት ወር አስቀድሞ ሸክሙን በየሳምንቱ በጥቂት በጥቂቱ ቢጨምር፣ የጉዞው ቀን እንግዳ አይሆንበትም።

ወጣቱ ሲጠየቅ ሣቀና፣ «ጋሼ፣ ለእኔ ምንም አልነበረም፤ 3 ብለህ ጻፈው» አለ። አጎቱ ግን በመንገድ ላይ ትንፋሹን ሲሰማው ውሏልና፣ 3 ብሎ ከጻፈ በኋላ ከጐኑ የጥያቄ ምልክት አኖረበት።

በዚያች ሌሊት ያጫወተን ሌላው ነገር ሥራ በሰውነት ላይ ስለሚያደርገው ነበር። በ1970ዎቹ ዓመታት (እ.ኤ.አ.) ኤሪክ ባኒስተር የተባሉ ሊቅ ከባልደረቦቻቸው ጋራ እንዳሳዩት፣ እያንዳንዱ ልምምድ በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር ያፈራል፤ አንዱ ብርታት፣ ሁለተኛው ድካም ነው። ድካም ፈጥኖ ያድጋል፤ ፈጥኖም ይጠፋል። ብርታት ግን ቀስ ብሎ ይገነባል፤ ቀስ ብሎም ይለቃል። ዛሬ አሠልጣኞች ሲያሰሉ ለድካሙ ወደ 7 ቀን፣ ለብርታቱ ወደ 42 ቀን የሚሆን ልክ መያዝ የተለመደ ነው። ከዚህ የምንማረው ነገር ግልጥ ነው። በአምስት ቀን ጉዞ ውስጥ የሚታየው ድካሙ ነው፤ ብርታቱ የሚታየው ወደ ቤት ተመልሰው ካረፉ በኋላ ነው። ስለዚህ በሦስተኛው ቀን እግሩ የከበደው ሰው፣ «እንግዲያስ ደካማ ነኝ፤ ይበልጥ ልትጋ» ቢል ነገሩን ገለበጠው። የሚያስፈልገው ትጋት ሳይሆን ዕረፍት ነው።

ማግስቱ ማክሰኞ ጥር 21 ቀን፣ የአስተርእዮ ማርያም በዓል ነበረ። ዕለቱ አስቀድሞ ለዕረፍት የተመደበ ስለ ሆነ፣ በዓሉና የጉዟችን ሥርዓት ገጠሙ። ቤተ ክርስቲያን ሳምን፤ ከዚያም ከተማዪቱን በእግራችን ቀስ ብለን ዞርን። ዳንግላ በታሪክ የታወቀች ከተማ ናት። እንግሊዛዊው ሻለቃ ቺዝማን በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት (እ.ኤ.አ.) የአገራቸው ቆንስል ሆነው የተቀመጡት በዚችው ከተማ ሲሆን፣ ከዚህ እየተነሡ የዓባይን ሸለቆና የጣናን ዳርቻ በበቅሎ ጓዝ ተጕዘው ካርታውን አነሡ። በበቅሎ ዘመን የጓዙን የቀን መንገድ የሚወስነው የጌታው ፈቃድ ብቻ አልነበረም፤ የበቅሎዪቱ ጀርባና የሣሩ መገኘት ጭምር ነበር። ሞተርና ጐማ የለመድን እኛ የዘነጋነው ይህን ልክ ነው።

የዕረፍት ቀን ሥራ የሌለበት ቀን ቢመስልም፣ በሰውነት ውስጥ ግን ብዙ የሚሠራበት ቀን ነው። ጡንቻ ለጉዞ የሚያቃጥለው ስንቅ ግላይኮጅን ይባላል፤ ይኸውም ከእንጀራ፣ ከዳቦ፣ ከድንች የምናገኘው ኃይል በጡንቻና በጉበት ተከማችቶ ነው። ከረዥም ጉዞ በኋላ ይህ ጐተራ እንደ ገና እስኪሞላ ድረስ አንድ ሙሉ ቀን፣ ምግቡ ካነሰም ከዚያ የሚበልጥ ጊዜ ይፈልጋል። እንቅልፍም ከምግብ አያንስም። ወጣቱ ግን ከሰዓት በኋላ ከሰፈሩ ልጆች ጋራ በቢስክሌት ሲሽቀዳደም ዋለ፤ ማታም ከእራቱ ጥቂት ቀምሶ፣ እስከ እኩለ ሌሊት ሲጫወት አመሸ። «ዕረፍት ለሽማግሌ ነው» ሲል፣ አጎቱ እንዲህ ብሎ መለሰለት፦ «የምታደንቀው ጽጋቡ ግርማይ በ2016 እ.ኤ.አ. ከኢትዮጵያ የመጀመሪያው ሆኖ በቱር ደ ፍራንስ ሲወዳደር፣ ውድድሩ ሦስት ሳምንት ፈጀ። በዚያ ሦስት ሳምንት ውስጥ ሁለት የዕረፍት ቀን በሕግ ተደንግጓል። እነዚያ ሽማግሌዎች ናቸውን?» ወጣቱ ዝም አለ፤ ሆኖም አልተኛም።

ረቡዕ ጥር 22 ቀን ከንጋቱ በኋላ ወደ እንጅባራ ተነሣን። መንገዱ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ነው፤ የሰኞው ግማሽ መሆኑ ነው። ይሁን እንጂ በመጨረሻ ሲታይ ከዳንግላ ይልቅ እንጅባራ ከ400 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች፤ በመካከል የሚወረደውና እንደ ገና የሚወጣውም በዚያ ላይ ይጨመራል። ዐሥር ኪሎ ጓዝ በቢስክሌቱ ላይ የጫነ ሰው፣ ያንን ዐሥር ኪሎ ከ130 ፎቅ በላይ ወደ ሆነ ሕንፃ ራስ እንደ ተሸከመ ይቍጠረው። አየሩም ይሳሳል፤ በእንጅባራ ከፍታ የአየር ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ብቻ ነው። በዚያ ላይ የፊት ለፊት ነፋስ ነበረ። ነፋስን የሚዋጋ ሰው በዐይን የማይታይ ዳገት ይወጣል፤ ኪሎ ሜትር የሚቈጥረው መሣሪያም ይህን አይቈጥርለትም።

የአገሩ መልክ ግን ያጽናናል። በፋግታ ለኮማ ወረዳ ገበሬዎች ለከሰል የሚተክሉት የግራር ዓይነት ኮረብታውን ሁሉ አልብሶታል። የከሰል ጆንያ በየመንገዱ ዳር ተደርድሮ ይቈያል፤ ወደ እንጅባራ ሲቃረቡም የቀርከሃው ደን፣ የቀርከሃውም ወንበርና አልጋ ይታያል። ድንቹና ገብሱ ደጋ መግባታችሁን ይነግራችኋል።

አዲስ ቅዳም ሳንደርስ ወጣቱ ከኋላችን መቅረት ጀመረ። ሰኞ ከፊት ይጠብቀን የነበረው ልጅ አሁን ከእኛ ጋራ ለመሄድ ተሳነው። «እግርህን አመመህን?» ተብሎ ሲጠየቅ፣ «ከቶ አላመመኝም፤ ብቻ ኃይል የለኝም» አለ። ይህ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር ነው። ቍልቍለት ሲሮጡ ጡንቻ እየተለጠጠ ስለሚሠራ በማግስቱ ያማል። በፔዳል ላይ ግን ጡንቻ እየተኰማተረ ብቻ ይሠራልና፣ ሕመሙ ትንሽ ነው። ስለዚህ ቢስክሌተኛ ድካሙን በሕመም ልወቀው ቢል ሳያውቀው ይቀራል። ሩጫ ያደከመው እግር ይጮኻል፤ ቢስክሌት ያደከመው እግር ግን ዝም ይላል።

ጥቂት እንደ ሄድን ከሰል የጫነ አይሱዙ ከኋላችን ጥሩንባውን ነፋ። እኛ ወደ ዳር ያዝን፤ ወጣቱ ግን ጥሩንባውን የሰማ አይመስልም ነበር፤ መሪው ተወላገደበትና ወደ መካከለኛው መሥመር ዞረ። አጎቱ በስሙ ጮኾ ሲጠራው ነቅቶ ተመለሰ፤ መኪናውም በክንድ ልክ አልፎት ሄደ። ማንም አልተጐዳም። ሆኖም ሁላችን ወርደን በመንገዱ ዳር ስንቆም የሦስታችንም እጅ ይንቀጠቀጥ ነበር። ድካም እግርን ብቻ አይደለም የሚይዘው፤ ጆሮን፣ ዐይንን፣ ፍርድንም ይይዛል። ጭነት መኪና በሚበዛበት ጐዳና ላይ ይህ የሞትና የሕይወት ነገር ነው። መምህሩ አላመነታም፤ እስከ አዲስ ቅዳም ቢስክሌቶቻችንን እየገፋን በእግራችን ሄድንና፣ ወጣቱን ከነቢስክሌቱ በሚኒባስ ወደ እንጅባራ ላከው። ልጁ አፈረ፤ እንባም ተናነቀው። «አጎቴ፣ ሰው ምን ይለኛል?» ሲል፣ «ሰው የሚለውን በሕይወት ሆነህ ትሰማዋለህ» አለው።

እኛ ሁለታችን በዝግታ ቀጠልን፤ ዳገቱ ሲበረታ ወርደን እየገፋን ደረስን። የነዳንበት ጊዜ 210 ደቂቃ ሲሆን ክብደቱን 7 አልነው፤ ይህም 1470 ይሆናል። ልብ በሉ፤ ርቀቱ የሰኞው ግማሽ ሲሆን፣ ሸክሙ ግን ከሰኞው በለጠ። እንግዲህ «ዛሬ አርባ ኪሎ ሜትር ብቻ ነውና ቀላል ነው» የሚለው አነጋገር ሐሰተኛ ሚዛን ነው።

ስለ ጾምም አንድ ቃል ማንሣት ይገባል፤ ረቡዕ ነበርና። ከሌሊት ጀምሮ ያልበላ ሰው የጉበቱ ስንቅ ጐድሎ ይነሣል፤ ውኃም ካልጠጣ ደሙ እየወፈረ፣ ልቡም ለዚያው ሥራ ይበልጥ እየመታ ይሄዳል። ስለዚህ ያው ዳገት በጾም ቀን የሚበልጥ ሸክም አለው። የሚጾም ሰው ጉዞውን በጾሙ ልክ ያበጃል እንጂ ጾሙን በጉዞው ልክ አያበጅም። ከባዱን መንገድ ከጾም ቀን ማውጣት ከተቻለ ማውጣት ነው። ካልተቻለ ግን በዋዜማው ማታ እንጀራውንም ውኃውንም ሳያጓድሉ መመገብ፣ ማለዳ ተነሥቶ በቀላል ማርሽ በዝግታ መሄድ፣ የመፈሰኪያው ሰዓት ሲደርስም በሶ፣ ዳቦ፣ ድንች፣ ማር የመሰለውን ሳይዘገዩ መቅመስ ይገባል። ሕመም ያለበት ሰው ግን ለብቻው አይወስን፤ ሐኪሙንና የንስሐ አባቱን ይጠይቅ።

ሐሙስ ጥር 23 ቀን በዓሉን አየን። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. እንደ ተመሠረተ ይነገራል፤ በዓሉም በዐድዋና በአርበኝነት ዘመን ከሰው ጋራ የዘመቱትን ፈረሶች ያስታውሳል። ፈረስ በአገራችን ምን ያህል እንደ ተከበረ ለማወቅ፣ ዐፄ ምኒልክ በፈረሳቸው ስም አባ ዳኘው መባላቸውን ማሰብ ይበቃል። ፈረሶቹ በጌጥ ተሸልመው፣ ፈረሰኞቹ በአገውኛ እየዘፈኑ ሜዳውን ሲሞሉት፣ ወጣቱ ባልንጀራችን የትናንቱን ኀዘን ረሳ።

ከጨዋታው በኋላ አንድ ሽማግሌ ፈረሰኛ ፈረሳቸውን በዛብ ይዘው በዝግታ ሲያመላልሱት አገኘናቸው። ወጣቱ ቀርቦ፣ «አባቴ፣ ጨዋታው ካለቀ ስለ ምን አያስሩትም?» ብሎ ጠየቃቸው። እርሳቸውም፣ «ልጄ፣ ሽምጥ የጋለበ ፈረስ ወዲያው አይታሰርም፤ ላቡ እስኪደርቅ፣ ትንፋሹም እስኪመለስ ይንሸራሸራል» አሉት። «መድከሙን በምን ያውቃሉ?» አላቸው። «ፈረስ አፍ የለውም፤ ስለዚህ ጆሮውን አያለሁ፤ ትንፋሹን እሰማለሁ፤ ሣሩን ሲተው አውቃለሁ። ለበዓል የማዘጋጀውም በዋዜማው አይደለም፤ ከሳምንታት በፊት ነው፤ በዋዜማው አሳርፈዋለሁ» ካሉ በኋላ፣ ቢስክሌቶቻችንን አይተው ፈገግ አሉና፣ «እናንተስ የማንን ጆሮ ታያላችሁ?» ብለው ጠየቁን።

መልስ አልነበረንም። ቢስክሌተኛ ፈረሱም ፈረሰኛውም ራሱ ነው። ፈረሰኛው በውስጡ «ገና ነው፤ ጋልብ» ሲል፣ ፈረሱ ደግሞ «ደክሜአለሁ» ይላል፤ ብዙ ጊዜ የሚሰማው የፈረሰኛው ድምፅ ብቻ ነው። ስለዚህ ቢስክሌተኛ የራሱን ጆሮ ማየት መማር አለበት።

ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው። ማለዳ ከአልጋ ሳይነሡ የደም ሥርን ምት አንድ ደቂቃ መቍጠር፤ ከለመዱት ልክ በ5 ወይም በ10 በልጦ ሁለት ማለዳ ከተገኘ፣ ያን ቀን ማረፍ ወይም ሸክሙን ማቅለል። ድካም እያለ እንቅልፍ እንቢ ማለቱ፤ የምግብ ፍላጎት መጥፋቱ፤ በትንሹ ነገር መቈጣት፤ ትናንት በቀላሉ የወጡት ዳገት ዛሬ በዚያው ፍጥነት መክበዱ። ከነዚህ ሁለቱ ወይም ሦስቱ ባንድነት ሲታዩ ፈረሱ ሣሩን ትቷል ማለት ነው። የደረት ሕመም፣ ራስን መሳት፣ ወይም እንደ ቡና የጠቈረ ሽንት ሲታይ ግን ነገሩ የዕረፍት ብቻ አይደለም፤ ፈጥኖ ወደ ሐኪም መሄድ ነው። የልብ ወይም የደም ግፊት ሕመም ያለበት፣ በዕድሜም የገፋ ሰው ከጉዞው በፊት ይመርመር። ከቆላ አገር ወይም ከባሕር ማዶ የሚመጡ ወገኖች ደግሞ፣ አየሩን እስኪለምዱ ድረስ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ቀኖች በእግር መንሸራሸርና በአጭር ጉዞ ቢወስኑ ይሻላል።

በማግስቱ ዓርብ ከእንጅባራ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወደምትገኘው ወደ ዘንገና ሐይቅ በዝግታ ሄድን። ዘንገና በጥንት እሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተቀመጠ፣ ዙሪያውን ዛፍ የከበበው፣ እጅግ ጥልቅ የሆነ ክብ ሐይቅ ነው። ጉዞው በሚዛናችን 2 ብቻ ነበር። እንዲህ ያለ ቀላል ጉዞ ሽማግሌው ፈረሳቸውን እንዳንሸራሸሩት ያለ ነው፤ ደምን ያንቀሳቅሳል፤ ሸክም ግን አይጨምርም። ወጣቱ በዚያ ቀን ከኋላችን ሄደ፤ ደክሞት ሳይሆን፣ ወፎቹን ለማየት ፈልጎ ነበር። ማታ ሲጠየቅም አስቦ፣ «2» አለ፤ አጎቱም የጥያቄ ምልክት አላኖረበትም።

በ2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ይህ ጐዳና እንደ ቀድሞው አይደለም፤ ስለዚህ ወደዚያ ለመሄድ የሚያስብ ሰው አስቀድሞ የመንገዱን ጸጥታ ከአገሩ ሰዎች ይጠይቅ። ትምህርቱ ግን በየትም መንገድ ያው ነው። ልጆቻችሁ ለጉዞ ሲነሡ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚሄዱ ብቻ አትጠይቋቸው፤ ስንት ቀን እንደሚያርፉ ደግሞ ጠይቋቸው። ዕረፍት ከጉዞው የሚጐድል አይደለም፤ የጉዞው ክፍል ነው። የደከመ ፈረስ ላይ ተቀምጦ የሚገሠግሥ ፈረሰኛ ሩቅ አይደርስም፤ ራሱ ፈረስ የሆነውማ ይልቁንም።